የሽፋኑ ሌላኛው ግማሽ

ሚጡ እህቴ፣

እማዬ ጋ ሄጃለሁ። ሩዝ ድስት ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ። ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል፣ ባልዲው ሲሞላ ድፊው።

ትናንት ክፍሌን ስታሳዪኝ አልተቆጣሁም። ምንም አልተሰማኝም። አሁንም አልተሰማኝም። የኮሚክ መጽሔቶቼን ሽፋን ሁሉ ነቅለሽ ግድግዳዬ ላይ በሙጫ የለጠፍሽው ልታስደስቺኝ ነው። «ታሪኩ እርባና የለውም፣ የምገዛው ለሽፋኑ ሠዓሊ ብዬ ነው» እያልኩ ጆሮሽን ያደነቆርኩት እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። ያ ሠዓሊ ሥዕሉን ፊት ለፊት አይጨርሰውም። ግማሹን የኋላው ሽፋን ላይ ይሥለዋል፣ ገልብጠን እንድናይለት። አንቺ ደግሞ የኋላውን አጥፈሽ ሙጫውን እሱ ላይ ቀባሽው።

ከአልጋዬ በላይ ያለውን፣ ዝናብ እየወረደበት በር የሚያንኳኳውን ሰውዬ አይተሽ «ሲያሳዝን! ማንም የለውም እንዴ?» ብለሽ ነበር።

አለው። የኋላው ሽፋን ላይ እህቱ በባዶ እግሯ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች።

ልትነቅዪው እንዳትሞክሪ፣ ይቀደዳል።

እሁድ ከሰዓት እመጣለሁ። ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።

ሳንኳኳ ክፈቺልኝ።