ከበረቱ ጀርባ ያለውን ሙዝ እንዳትነካው

ለታላቅ ወንድሜ ለካጌን፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ያ ጉልበትህ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገህ? ጉሙ ሳይገፈፍ ወደ ሩዙ ማሳ መውረድህን ተውክ ወይስ አሁንም የሰው ምክር አልሰማም እንዳልክ ነህ? የእማ ሳል ለቀቃት? ናሚታ ለበዓሉ የጀመረችውን ሽመና ጨረሰች? ልጅህ ፓሂስ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? ቀይዋ ላም ወለደች? እኔ ደህና ነኝ። ክንዴ ላይ ካለው የዘይት ጠባሳ፣ ከናንተ ናፍቆትና ካንተ ኩርፊያ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ስልኬን ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔም ወረቀቱም አንለቅህም። አላነብም ብትል ናሚታ እማ ፊት ጮክ ብላ እንድታነበው አደራ ብያታለሁና ከመስማት አታመልጥም።

ወሬው ደርሶኛል። ከማግ ቢሁ የመከር በዓል ማግስት ከበረቱ ጀርባ ያለውን ሙዝ ከነሥሩ ነቅለህ በቦታው ሻይ ልትተክል ነው አሉ። ችግኙን የሚያመጣልህ የሻይ ቅጠል ሰብሳቢው ጎላፕ ነው አሉ። እሱ ሰውዬ ሲስቅ ደስ አይለኝም፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሙዙን ልጣጭ አመድ መላክ ያቆምከውም ረስተህ እንዳልሆነ አውቄአለሁ። «የድሃ ምግብ ለሀብታም እያቀረበች ታዋርደናለች፤ አመዱ ከተቋረጠባት ወዳ ሳይሆን ተገዳ ትመለሳለች» ብለሃል። ጋሼ፣ አልመለስም። ሙዙንም አትነቅለውም። ሁለቱን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብዬ አስረዳሃለሁ።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። የምግብ ቤታችን አለቃ ሼፍ ካውስቱብ የፑኔ ሰው ነው። አምና አብሳዮቹን ሰብስቦ፣ እያንዳንዳችሁ ከእናታችሁ ጓዳ አንድ ምግብ ይዛችሁ ኑ፤ እኛ አዲስ ልብስ እናለብሰዋለን፣ አጥንቱን ግን አንነካም አለን። ጊሪሽ የሚባለው የኡዱፒ ልጅ በጃክፍሩት ዛፍ ቅጠል የሚታጠፈውን የእናቱን የሩዝ እንፋሎት ዳቦ አመጣ። እኔ በሙዝ አመድ ውኃ የሚበስለውን የእማን ኻር አመጣሁ። ፓፓያው ጥሬውን እንደ ወረቀት ሳስቶ ይቆረጥና ይጠቀለላል፤ በትንሽ የነሐስ ሳህን ይቀመጣል፤ የአመዱ ውኃ የተዋሃደበት ትኩስ መረቅ እንግዳው ፊት ይፈስበታል፤ በመጨረሻ አንዲት ጠብታ የሰናፍጭ ዘይት። እማ መጠኑን ብታየው «ይኼ ለድመቷ ነው?» ማለቷ አይቀርም። ጣዕሙ ግን የራሷ ነው። ሜኑውም ላይ «የቶሩሎታ ኻር» ተብሎ በእማ ስም ተጻፈ። ይህን ነግሬህ ነበር።

የመጀመሪያው ጠብ የቅደም ተከተል ነበር። ሼፍ ኻሩን አራተኛ አደረገው፣ ከኮምጣጣው ዓሣ ቀጥሎ። እኔም፣ ሼፍ፣ እርስዎ ጫማ አድርገው ሲያበቁ ነው እንዴ ካልሲ የሚለብሱት? አልኩት። ኻር የምሳ በር ከፋች ነው፣ ኮምጣጣ ደግሞ ዘጊ፤ ማታማ ጭራሽ አይበላም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሳቀና ተወልኝ። ከዚያ ወዲህ ለምሳ ብቻ፣ ያውም መጀመሪያ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም።

ሁለተኛው ጠብ ያንተ ሥራ ነው። እማ አቃጥላ አንተ በቆርቆሮ ትልክልኝ የነበረው አመድ በኖቬምበር አለቀ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ኻሩ ተሠርቶ እየወጣ ነው። በምን ተሠራ? ብዬ ጊሪሽን ስጠይቀው የቤኪንግ ሶዳውን ጣሳ በአገጩ ጠቆመኝ። «ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ? አመድም ሶዳም ያው ነው። ስንቱ የሀገርሽ ሰው ራሱ በሶዳ ይሠራው የለ? ማን ያውቅብሻል!» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ ማንም አላወቀም። ዐሥራ አንድ ጠረጴዛ በልቶ ሳህኑ ሁሉ ተጠርጎ ነው የተመለሰው። አንዷ ሴትዮማ በጣቷ ጠርጋ ልሳለች። እኔ ግን አንድ ማንኪያ ቀመስኩት። ፓፓያው ፈርሶ ገንፎ ሆኗል፤ ምላሴ ላይ ሳሙና ቀረ።

ድስቱን አንሥቼ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ስድስት ጠረጴዛ እየጠበቀ ነበር።

ሼፍ እየሮጠ መጣ። «ሰው ወዶ ከበላው አንቺን ምን ቆረጠሽ?» አለኝ። እኔም፣ ወዶ የበላው ሶዳ ነው፤ ከፈለጉ ሶዳ ብለው ይጻፉት፣ የእናቴን ስም ግን ከላዩ ያንሱልኝ አልኩት። «እዚህ ቤት ድስት የሚደፋው እኔ ነኝ» አለና ከምድጃው አንሥቶ ሽንኩርት መላጥ ላይ አስቀመጠኝ። ኻሩም ከሜኑው ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ጊሪሽ ባለፈ ቁጥር «እመቤት፣ ዛሬስ ምን ደፋሽ?» ይለኛል። ያለቀስኩት በሽንኩርቱ ነው ብያለሁ፤ እንደዚያው ይያዝልኝ።

አንተ ይህን ስትሰማ «አላልኳትም!» ትል ይሆናል። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

የሠፈሬን ሙዝ ሻጭ ልጣጩን አጠራቅምልኝ አልኩትና በየቀኑ እያመጣሁ የቤቱ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። አከራዬ ሳቪትራማ በሦስተኛው ቀን ወጥታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን የቆሻሻ መጣያ አደረግሽው እኮ! ዝንቡ ሁሉ የኔ ተከራይ ሆነ» ብላ ጮኸችብኝ። ምን እንደምሠራበት ስነግራት ደግሞ፣ «አመድ ለመብላት ነው ይኼ ሁሉ?» ብላ ወገቧን ይዛ ቆመች። ከሳምንት በኋላ ግን ከሥራ ስመለስ ልጣጩ ሁሉ ተገልብጦ አገኘሁት። ማን ገለበጠው? ብላት፣ በአንድ በኩል ብቻ ሊደርቅ ኖሯል እንዴ፣ ሞኝ ብላ ወረደች።

የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ቶሎ እንዲያያዝልኝ ብዬ አሮጌ ጋዜጣ ከልጣጩ ጋር አቃጠልኩ። እማ ሌላ ነገር እንደማትቀላቅል እያወቅኩ። ውኃው ሲወርድ ቀለም ቀለም ሸተተ፤ አፍሬ ደፋሁት። መድፋት ለመድኩ መሰለኝ። ሁለተኛውን በትዕግሥት አቃጠልኩ፤ የኮኮነት ቅርፊት ሥሩን በሳሁ፣ ጭድ አነጠፍኩ፣ አመዱን ሞላሁ፣ ውኃውን ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። ጠብ፣ ጠብ አለ። የጠቆረ ሻይ የመሰለውን ውኃ ሳይ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በማግስቱ ለሼፍ ሁለት ሳህን አቀረብኩለት፤ አንዱ በሶዳ፣ አንዱ በኔ አመድ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርኩትም። ከአንዱ ቀመሰ፣ ውኃ ጠጣ፤ ከሌላው ቀመሰ፣ ውኃ አልጠጣም። እሱንም ጨረሰው። ማንኪያውን አጥቦ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ሶዳ ያልኩት እኔ አልነበርኩም፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «የከተማው ሙዝ አመድ ግን ጣዕሙ ቀጭን ነው፤ የሀገርሽ ሙዝ አመድ ይምጣ። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ከመጣ ኻሩ ወደ ሜኑው ይመለሳል፣ አንቺም ወደ ምድጃሽ። ካልመጣ ሌላ ምግብ ይገባበታል፤ ቦታ ባዶ አይቀመጥም» አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው ጋሼ። ያንተ መጥረቢያ ከበረቱ ጀርባ የሚያርፈው በኔ ምድጃ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የምትቆጣበትን ልናገር። ለምን ኻር እንደምትጠላ አውቃለሁ። ዴልሂ ጥበቃ ስትሠራ፣ አብረውህ የሚያድሩት ሰዎች አመዱን አይተው «አመድ በል» ብለው ስም አወጡልህ። ሲጠሩህም፣ ሲያዝዙህም፣ ደመወዝ ስትቀበልም «አመድ በል» ነበር። ለእማ ስትነግራት በሩ ጀርባ ነበርኩ፤ ድምፅህ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ያን ቀን እነዚያን ሰዎች ባገኛቸው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ዛሬም እንደነከስኩ ነኝ። ግን ጋሼ፣ እነሱን ትተህ ሳህኑን ጠላህ። ለሠርግህ ድግስ ሲሰናዳ «ኻር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ፣ የናሚታ ዘመዶች ፊት እንዳታሳፍሩኝ» አልክ። እማም እሺ አለች። እኩለ ቀን ላይ እንግዳው ሲበላ ሩዝ ልጨምር ጓዳ ስገባ፣ እማ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ኻሯን ብቻዋን እየበላች ነበር። ስታየኝ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፈነችው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በገዛ ልጇ ሠርግ እንደ ሌባ ስትበላ አይቻታለሁ።

ለዚህ ነው ድስቱን የደፋሁት። ጊሪሽ ግን ስለ ሶዳ ይመስለዋል።

እኔንም እዚህ አመድ በል ብለውኛል። እጄ አመድ አፋሽ ነው፣ ለማን ብዬ ነው የምለፋው ያልኩበትም ቀን ነበረ። አሁን ግን ሼፍን፣ ኻሩ ሲመለስ ከላዩ «አመድ በሊታዎች» ተብሎ ይጻፍልኝ ብዬዋለሁ። «ሰው ይሸሻል እኮ» አለኝ። ይሽሽ አልኩት። የሚቀረው ይበቃኛል።

ሙዙን በተመለከተ ደግሞ፣ መሬቱ ባንተ ስም ነው፤ አልካድኩም። የመጀመሪያውን ቡቃያ ግን እማ ናት ስታገባ ከእናቷ ቤት በእቅፏ ይዛው የመጣችው። አንተም እኔም ሳንወለድ እዚያ ነበር። ሻይ መትከል ከፈለግህ ከኩሬው ማዶ ያለው መሬት ጾሙን ያድራል፤ መጥቼ አብሬህ እቆፍራለሁ። የእማን ሙዝ ልትነቅል ከሆነ ግን እማን ፊት ለፊት ጠይቃት። እስካሁን እንዳልጠየቅካት ናሚታ ነግራኛለች። የማትጠይቃት መልሱን ስለምታውቀው ነው።

ትኬት ቆርጫለሁ። ከበዓሉ ዋዜማ ድግስ ሁለት ቀን አስቀድሜ እደርሳለሁ። ለመቅረት አይደለም፤ ልጣጩን ከእማ ጋር አቃጥዬ፣ አመዴን ይዤ ልመለስ ነው። መጥረቢያውን ስመጣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ላግኘው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ። በከተማ ሙዝ፣ በሳቪትራማ ጣሪያ ላይ በእጄ የሠራሁት ነው። ቀጭን ነው፤ እማ ታውቅበታለች፣ ትንሽ ትጨምርበት። ደጁን ከፍታችሁ፣ በቀን ብሉት። ጎላፕም በዚያ ካለፈ ይጠራ።

ናሚታን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የነገረችኝን ሁሉ በመንገሯ ብትቆጣት ግን እኔና አንተ እንጣላለን። ለፓሂ ጥርሷ እስኪበቅል በድዷ የምታኝከው ከረሜላ ይዤላት እመጣለሁ። አጎታችን ሂራንያን በሩቁ እግራቸውን ሳምኩ በልልኝ። ቀይዋን ላም ግንባሯን እከክልኝ።

ለእማ በቃል የምልከው ሰላምታ የለኝም። ኻሩ ሲደርስ ሳህኗን ከጓዳ አውጣና ካንተ ሳህን አጠገብ አስቀምጠው። እሷ ሳትጎርስ እንዳትጎርስ።

የምትወድህና የማትፈራህ እህትህ
አመድ በሊታዋ ጁንሞኒ

ባንጋሎር፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2024