ኮረብታችንን ስለጠረጉልን

ለተከበሩ የጥንት ማዕድን ቅርስ ልማት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐዋሳ

ጤናዎ፣ ወንበርዎና የመኪናዎ ጎማ ሁሉ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከታቦር ጀርባ ባልጩት ኮረብታ ሥር የምኖረው እህተማርያም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ብቻም ሳልሆን ደስ ብሎኛል። የደስታዬን ምክንያት በአካል ቀርቤ እንዳልነግርዎት ጸሐፊዎ አራት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ፣ እርስዎንም ከስብሰባ ማስነሳት ነውር ስለሆነ፣ በአደባባይ መጻፉን መርጫለሁ።

ለማያውቁት አንባቢያን ልንገራቸው። ኮረብታችን ላይ የጥንት ሰዎች ባልጩት፣ ያንን እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ፣ ቆፍረው ያወጡባቸው ሃያ ሦስት ጉድጓዶች አሉ። እዚያው አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ቢላና ቆዳ መፋቂያ ሲጠርቡ የረገፈው ፍንካች በየጉድጓዱ አፍ ተከምሮ ይኖር ነበር። ባለቤቴ መምህር ወልደአማኑኤል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣ፣ አንዲት ፍንካች ከቦታዋ ሳያነሳ ሲለካና ሲመዘግብ ኖረ። እሱ ካለፈ ወዲህ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ተማሪ ከመጣ ለተማሪ፣ ካልመጣም ለራሴ አስረዳለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቅርሱን ለአካባቢው ልማት ለማዋል ሐይቅ ዳር በተጠራው ስብሰባ ላይ ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ግራዬም ሰው፣ ቀኜም ሰው! ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ኮረብታው ለስንት ወጣት ሥራ እንደሚፈጥር ሲተነትኑ የባለቤቴን መዝገብ ከፍ አድርጌ ባሳይዎት፣ «እናታችን፣ አስተያየት በመጨረሻ» አሉኝ። በመጨረሻ ሻይ መጣ። ሻይም ጥሩ ነው።

፪. ኮረብታው ለጉብኝት ብቁ እንዲሆን የጽዳት ዘመቻ ስላወጁለት ምን ልበልዎ! አንድ ለአምስት የተደራጀው የሰፈራችን ሕዝብ በማለዳ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጣና፣ ያን ሁሉ ፍንካች የጠርሙስ ስባሪ መስሎት፣ የልጆች እግር እንዳይቆርጥ በቅን ልብ ተጨንቆ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ጉድጓድ አፍ ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ በጋሪ ጫነው። ሮጬ ደርሼ ብጮህ፣ ዘመቻውን እንድትመራ የመደቧት ወይዘሮ ሙሉጌጥ እጄን ይዛ «አይዞሽ እትዬ፣ ሰካራም ነው እዚህ እያመጣ የሚከሰክሰው፤ ከእንግዲህ ዘበኛ ይቆምበታል» ብላ አጽናናችኝ። እሷስ ምን ታድርግ፣ የነገራት የለ። ለመጥረጊያው ትእዛዝ የጻፉት እርስዎ ግን መጥረጊያው ከመነሳቱ በፊት አንዲት ቀን ወጥተው ቢያዩት ኖሮ፣ ያ ሰካራም ከክርስቶስ ልደት በፊት የጠጣ መሆኑን በነገርኩዎት ነበር።

፫. ፍንካቹ የት እንደገባም ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ወደ አሞራ ገደል በሚያወርደው መንገድ ላይ መኪና ይይዝ በነበረው ጭቃ ውስጥ ተሞልቷል። አሁን መኪና አይያዝም። ልማት ነው።

፬. ለጎብኚዎች ደኅንነት ሲባል በመጪው ቅዳሜ ጉድጓዶቹ በሙሉ በአፈር እንዲደፈኑ መወሰኑን ማስታወቂያ ላይ አንብቤ አርቆ አሳቢነትዎን አደነቅሁ። እውነትም ጉድጓድ ሊያይ የመጣ ሰው ጉድጓድ ካላገኘ የሚገባበት አደጋ አይኖርም።

እዚህ ላይ ግን፣ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ቀልዱን ላቁም። ዘመቻው በምሳ ሰዓት ስለተበተነ ከሃያኛው እስከ ሃያ ሦስተኛው ያሉት አራቱ ጉድጓዶች ፍንካቻቸው አልተነካም። የአሥራ ዘጠኙ ነገር አሁን የቀረው በባለቤቴ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም ቤቴ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ሳነበው፣ ቁጥር ብሳሳት የሚያርመኝ የለም። አራቱን ይተዉልኝ። አደጋ ነው ካሉ ዙሪያቸውን ገመድ ይወጥሩባቸውና ገመዱን እኔ ልጠብቅ። ደመወዝ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ቅዳሜ ሲመጣ የምሄድበትን ነው።

በእርስዎ ዘመን ሳይጠረግ የሚቀር ነገር እንደማይኖር በሙሉ ልብዋ የምታምን፣ ለአካፋዎ ዕረፍትን፣ ለእርስዎም አንድ ቀን ከአዳራሽ ወጥቶ አቀበት የመውጣትን ጤና የምትለምን፣ ጎረቤት ያጣች አክባሪዎ፣

እህተማርያም ሸዋንግዛው
ታቦር፣ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አስፋልቱ ዳር ያስተከሉት «ወደ ጥንታዊው ማዕድን» የሚለው ሰሌዳ፣ ቀስቱ ተጣሞ ኖሮ፣ የሚያመለክተው የእኔን የግቢ በር ነው። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጎብኚዎች አንኳኩተው ጥንታዊው ነገር እዚህ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ እኔም አዎ ብዬ አስገብቼ ብዙ አጫወትኳቸው። ቅዳሜ አራቱን ከደፈኑ እባክዎን ቀስቱን አያቃኑት፤ በሰፈሩ የሚቀረው የጥንት ዕቃ እኔ ብቻ ስለምሆን፣ ሰሌዳዎ ያኔ እውነቱን ይናገራል።