በከረጢት የሚገባ መደገፊያ

ጥር ፭ ቀን

ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር ከስድስት ቀን ሆነኝ። ልደቴ አይደለም፤ እንዲሁ ስቆጥር መጣ። ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነው። ሻይ፣ ራዲዮ፣ የመስኮቱ ወንበር። ሐኪም ቤት ለባለቤቴ የሰጣት ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ፎጣ ተሰጥቶበታል። “አልጋው” ትለዋለች። በእርግጥም አልጋ ያህላል። ከተሰጣት ወዲህ አንድም ቀን ይዛው አልወጣችም። ኩራት ይመስለኛል... በወጣትነቷም እንዲሁ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን ደወለች። የባለቤቴ ታናሽ እኅት በወሩ መጨረሻ የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ከዚያ በፊት እኅቷን ማየት ትፈልጋለች። ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

“እማዬን በዚያ ብረት አውቶቡስ ላይ አላወጣትም አባዬ። በሩ ላይ ተቀርቅራ ስትቀር ተሳፋሪው ሁሉ ይጮህብናል።”

“ሳትይዘውስ?”

“ሳትይዘውማ መውደቅ ነው።”

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀች። “እኔ ቁጭ ብዬ ስለ እኔ አታውሩ!” ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ዝም። እናታቸው ከሞተች ወዲያ እኅቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። ሳታያት ብትቀርስ? ይህን መጻፍም ከበደኝ።

ጥር ፯ ቀን

ለምን አይታጠፍም? ጃንጥላ ይታጠፋል። ወንበር ይታጠፋል። የሰው መደገፊያ ብቻ ለምን እንደ ቁም ሣጥን ይገተራል? ከረጢት ውስጥ ገብቶ ትከሻ ላይ መንጠልጠል ይችላል። ደረጃ ስትወርድ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት ትይዛለች፤ ታች ስትደርስ ትዘረጋዋለች። አውቶቡስ ውስጥ ከመቀመጫ ሥር ይገባል። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብሁትም?

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድርሰት ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ። ብረት አርሜ አላውቅም። ልሥለው ብሞክር ፍየል መሰለ። ስለዚህ በጽሑፍ አሰፈርሁት፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ስያሜው ላይ ብዙ ቆየሁ። “ተጣጣፊ ምርኩዝ”? “የጉዞ አጋዥ”? አነበብሁላት።

“ስም ከማውጣትህ በፊት እግር አውጣለት” አለችኝ።

ከሁለት ቀን ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ደስ አለኝ።

ጥር ፰ ቀን

ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ሄድን። ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ እኔ በግራዋ፣ እንደ ወትሮው። በወጣትነታችን ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ማታ ማታ ስንመለስ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አካሄዳችን ይህ ነው። ያን ጊዜ ሰው ዞር እያለ ያየን ነበር። ዛሬም ያየናል... ምክንያቱ ሌላ ነው እንጂ።

ጠጋኙን ሰፈሩ “ሽቦ” ይለዋል፤ ቅጥነቱን አይቶ ነው። ሁለቱን ገጽ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበ።

“ጋሼ፣ እጅግ ያምራል። ግን የት ጋ ነው የሚታጠፈው?”

አላፈርሁም ማለት አልችልም። ባለቤቴ ሳቀች። ሽቦም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችን ወለሉ ላይ በጠመኔ ስንሥል፣ ስናጠፋ ዋልን። ሁለት ጎን፣ መካከሉ ላይ አግዳሚ ዘንግ፤ ዘንጉ ከወገቡ ሲሰበር ሁለቱ ጎኖች ይጋጠማሉ። እግሮቹም ጉልበታቸው ላይ ወደ ላይ ይታጠፋሉ። የጉልበቱ ሐሳብ የእኔ ነው። ከራሴ ጉልበት በቀር ምን የማውቀው ማጠፊያ አለ?

“ቁመቱ ከፍ ዝቅ እንዲል ይሁን?” አልሁት።

“ለዚያ ቱቦውን መብሳት አለብኝ። ቀዳዳ ሲበዛ ይደክማል። በእትዬ ልክ ልቁረጠውና ይለቅልን። ልካቸውን ብቻ ያምጡልኝ።”

ጥር ፱ ቀን

ታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፣ እኔም ክንዷን ይዤ። ከእጅ አንጓ እስከ ወለል። ቀኙን ለካች፤ ግራውን ለካች።

“ግራዎ ከቀኝዎ ዝቅ ይላል እትዬ።”

“ተሳስተሽ እንዳይሆን” አልሁ።

“ጋሼ ደግሞ! ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሰውን ሁሉ እኩል ነው ብዬ ብሰፋ የሰፈሩ ቀሚስ በሙሉ ተንጋዶ ይሄድ ነበር።”

አመንኋት። ቁጥሮቹን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለሽቦ ሰደድሁ። ከረጢቱን ከአሮጌ የዝናብ ልብሴ ልትሰፋው ወስዳለች።

ጥር ፲፪ ቀን

ማጠፊያው ቢከዳስ? መንገድ መሐል፣ መኪና እየመጣ፣ ጉልበቱ ቢታጠፍስ? ማን ሠራው ይባላል? አንድ ቃል ቢሳሳት በሚቀጥለው እትም ይታረማል። የዳሌ አጥንትስ?

ሽቦ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ነገርሁት። እግሮቹ በልክ ገና ያልተቆረጡትን መደገፊያ አቁሞ ተንጠለጠለበት።

“አንተማ ሽቦ ነህ” አልሁት። “ምን ክብደት አለህና?”

ልብስ ሰፊዋን ጠራናት። ወፈር ያለች ናት። መጥታ ነገሩ ሲገባት ወገቧን ይዛ፣ “ለካ ለዚህ ነው የፈለጋችሁኝ! በሉ ወድቄ ብሰበር ለእኔም ትሠሩልኛላችሁ” አለች። በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን አሁንም አላመንሁም።

ጥር ፲፬ ቀን

ቀዶ ጥገናው ከተባለው ቀን ቀደም አለ። በሃያ ሦስት ነው። ልጃችን፣ “በሃያ አንድ ካልሄድን ዋጋ የለውም አባዬ” አለች። ሽቦ ማጠፊያዎቹን ገና እየሞረደ ነው።

ባለቤቴ ልብሶቿን አጥፋ መኝታችን ጫፍ ላይ አስቀምጣለች።

ጥር ፲፯ ቀን



ሽቦ ይዞት መጣ። ከከረጢቱ መዝዞ ቷ ቷ ሲያደርገው ቆመ። እንደዚያ ያማረ ነገር ከስንት ጊዜ ወዲህ አላየሁም። “እስቲ እትዬ” አላት። ክንዴን ለቀቀችና ሁለቱን እጀታ ያዘች። ገና ስትራመድ ወደ ግራ ዘመመች። ሽቦ ባይቀልባት ኖሮ... እኔ ልይዛት ተወረወርሁ፤ ልይዛት አልደረስሁም። ወለሉ ከሥሬ ሄደ። የበሩን መቃን ጨብጬ ተረፍሁ።

“አጣመምኸው!” ብዬ ጮኽሁበት። በሕይወቴ በሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

“ጋሼ፣ በሰጡኝ ልክ ነው የቆረጥኩት። ግራው አጭር ነው አላሉኝም?”

ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቅ ጀመር። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

“ልጁን ተወው። ስንለካ ግራዬ ላይ ማን ነበር?”

“እኔ ነኛ።”

“አንተ ነህ። ትከሻዬን ወደ ታች የጎተተው ማን ይመስልሃል?”

“እኔ እኮ አንቺን ደግፌ ነው...”

“አንተ ሰውዬ” አለችኝ፣ ቀስ ብላ። “የምትደገፈው አንተ ነህ።”

ሽቦ መደገፊያውን አጥፎ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወጣ።

“ከመቼ ጀምሮ?” አልሁ።

“ከክረምቱ። ያኔ ደረጃው ላይ ካዳለጠህ ጀምሮ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ትቀየማለህ። ደግሞም አልጋውን ይዘሽ ውጪ እያላችሁ ትነዘንዙኝ ነበር። ሁለት እጄ ብረት ከያዘ አንተን ማን ይይዝሃል?”

እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ጥር ፲፰ ቀን

እንደገና ተለካች። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እሷ ብቻዋን ጠረጴዛውን ተደግፋ። ሁለቱ ጎን እኩል ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሜትሯን ጠቅልላ ወረደች።

ሽቦ የግራውን እግሮች እንደ አዲስ ይሠራቸዋል። ይቅርታ ጠየቅሁት። “ኧረ ጋሼ፣ ብስክሌት የሚያመጣ ሁሉ ይጮህብኛል፤ ለምጄዋለሁ” አለኝ።

ይደርስ ይሆን?

ጥር ፳ ቀን

ደረሰ።

ደረጃውን ከረጢቱን አንግታ ወረደች። እኔ ከመስኮቱ አየኋት። በር ላይ ቆመች፣ ዘረጋችው፣ ሄደች። ቀጥ ብላ! ከሽቦ ሱቅ አልፋ እስከ ማዕዘኑ። ብቻዋን ስትሄድ ካየኋት ስንት ዘመኔ ነው? ከኋላዋ ሳያት ያቺ ከማተሚያ ቤቱ በር ላይ የምትጠብቀኝ ልጅ... ተመለሰች። ፊቷ በላብ ወዝቷል።

“ለልጃችን ደውለህ ትኬቱ ሁለት ይሁን በላት። ለእኔና ለእሷ።” ቆይታ፣ “አንተስ?” አለች።

“ሥራ አለብኝ።”

“የምን ሥራ?”

“እርማት።”

“የጡረተኛ እርማት!” አለችና ዞር አለች። ሁለታችንም እናውቃለን። ልጃችን ሻንጣ ትይዛለች፤ እሷ መደገፊያዋን። ትርፍ ክንድ የለም።

ጥር ፳፩ ቀን

በጠዋት ሄዱ። እስከ ደረጃው ጫፍ ብቻ ሸኘኋት።

ቀኑ አልመሽ አለ። አሁን አውቶቡስ እየወጣች ይሆን? ቢገፏትስ? ማጠፊያውን ሳትቆልፈው ብትደገፍስ? ስልኩን በእጄ ይዤ ዋልሁ። ስትደውል ደግሞ ከእጄ ወደቀ።

“ደርሻለሁ።”

“አልወደቅሽም?”

“ምነው እንድወድቅ ፈልገህ ነበር? ሹፌሩ ከረጢቱን አይቶ፣ ‘እማማ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያ?’ አለኝ።”

“ምን አልሽው?”

“እግሬ ነው አልሁት።”

ከኋላ የእኅቷ ሳቅ ይሰማል። ደከም ያለ ነው፤ ግን ሳቅ ነው።

ጥር ፳፫ ቀን

እኅቷ ቀዶ ጥገና ገብታለች። እስካሁን ወሬ የለም... ምንም አልጽፍም።

ጥር ፳፬ ቀን

ነቅታለች። ውኃ ለምናለች። ባለቤቴ ደውላ ነገረችኝ። እስክታገግም ሁለት ሳምንት ልቆይ አለች። ቆዪ አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ?

“ከቤት ወጣህ?”

“ብርድ ነው።”

“ዳቦ ማን ይገዛልሃል?”

“ልብስ ሰፊዋ።”

ስልኩን መዝጋት አልፈለገችም፤ እኔም።

ከሄደች ወዲህ ደረጃውን አልወረድሁም። ሁለት ጊዜ ጫፉ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ጫማዬን አስሬ ነበር።

ጥር ፳፭ ቀን

ልብስ ሰፊዋ ዳቦውን ስታመጣ፣ “ሜትርሽ አለ?” አልኋት። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምሁ። ቀኙን ለካች፤ ግራውን ለካች። ቁጥሮቹን ነገረችኝ። ለሽቦ አጭር ጽሑፍ ጻፍሁ፦ እንደዚያው ዓይነት አንድ፣ በዚህ ልክ፣ ለእኔ። ፖስታ ውስጥ ከተትሁትና ማሸጊያውን በምላሴ አራስሁ።

“ምነው ጋሼ፣ ሽቦ እኮ ማዶ ነው። በአፌ ብነግረው አይበቃም?”

“ይበቃ ነበር። ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው።”

ከመስኮቱ አየኋት፤ መንገዱን ተሻገረች፣ ሱቁ ገባች። አሽጌ ልኬዋለሁ።