ጭንብሏን ታውልቅ ያለው ሰው

የኮሚክ መጽሐፋችን ሦስተኛ ቁጥር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሸጦ አለቀ። የገዛው አንድ ሰው ነው።

ውድ እህቴ ሥርጉት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ሻል አለሽ ወይ? የሻርጃው ሙቀት ሳይበረታ ዐይንሽን ታይተሽ መነጽር አሠሪ ብዬሽ ነበር፤ አሠራሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏት ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ይህን በስልክም መጠየቅ እችል ነበር። የቀረውን ግን በስልክ ማውራት አልፈለግሁም።

ባለሱቁ ሙህዲን እንደነገረኝ፣ ሰውየው ደብተርም እስክሪብቶም አላየም። «የዚችን የባለጭንብሏን ስንት አለህ?» ብሎ ያለውን በሙሉ በካርቶን አሳሰረ። እማዬ ሳታየው መረቀችው። እኔ ደስ አላለኝም። አንድ ሰው ጠቅልሎ ከወሰደው ሌላው አላነበበውም ማለት ነው። ያውም ይህን ቁጥር፤ የነካችው ግድግዳ የሰማውን የሚናገርላት ጀግናችን የስብሰባ አዳራሹን ግድግዳ ነክታ፣ ስለ ገበያው መነሳት በዝግ የተባለውን ሁሉ አደባባይ ላይ ያሰማችበትን።

ሐሙስ ተመልሶ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። ትሁት ነው፤ «ጋሼ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። አራተኛውን ቁጥር በቀለም አሳትሞ በየትምህርት ቤቱ በነፃ ሊያድልልን ይፈልጋል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ባለጭንብሏ ጭንብሏን ታውልቅ። ከሥሩ የሚወጣውን ፊት በፎቶግራፍ ይዞ መጥቷል። አየሁት። ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ወንድ ነው። ሙህዲን አላስቻለውም፤ «ወንድሜ፣ እሷ እኮ ሴት ናት!» አለው። ሰውየው ሳይስቅ «እስከዛሬ ፊቷን ማን አይቷል?» አለ። የፎቶውን ሰው አስፋልቱ ዳር ከተለጠፉት የምርጫ ፖስተሮች በአንዱ ላይ ያየሁት ይመስለኛል። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ስም አልጽፍልሽም።

ከዚህ የባሰ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ሠዓሊዋ እህትዎ በጳጉሜን ጠቅልላ ትገባለች አሉኝ፤ በሰላም ያምጣት» አለኝ። ምርቃት ይሁን ሌላ፣ እስካሁን አልለየሁትም። መጽሐፉ ላይ ስምሽ የለም። አንቺ እንደምትስዪው የምናውቀው እኔ፣ እማዬና ሙህዲን ነን። መመለሻሽን ደግሞ ለሙህዲን አልነገርኩትም። እማዬን ብጠይቃት «ለማን ብዬ!» ብላ ተቆጣችኝ። አንቺስ እዚያ ለሰው አውርተሻል?

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ የጎረቤታችን የወይዘሮ በላይነሽ ልጅ ናት። የሙህዲን እህት ሒክማም ሰኞ ወደዚያው ትበራለች፤ ለእሷ አልሰጠሁም። ሙህዲን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሱቁ ከገበያው ይነሳሉ ከተባሉት አንዱ ስለሆነ፣ ሰውየው ያስቀርልኛል ብሎ ነው መሰለኝ፣ «እሺ በለው ጋሼ፣ ፊት ምን ያደርግልሃል?» እያለ ይወተውተኛል።

ታሪኩን የምጽፈው እኔ ብሆንም ፊቱን የምትስዪው አንቺ ነሽ። እምቢ ካልን ደግሞ በጳጉሜን ቦሌ የምትወርጂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ያለ አንቺ ቃል አልመልስለትም። ስትደውዪ «እሺ» ወይም «ይቅር» በዪኝ፤ ሌላ አትጨምሪ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ባለቤቴ እምነት ናፍቆቷ በርትቷል። ልጃችን ሚራክል የፊት ጥርሷ መውለቁን ንገራት ብላኛለች። አብረውሽ ለሚኖሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ሰውየው ረቡዕ ሚያዝያ 28 ጠዋት መልሱን ሊወስድ ሙህዲን ሱቅ ይመጣል።

ወንድምሽ ተስፋሚካኤል
አቃቂ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.