በኪስዎ ይዘውት ስለሄዱት የማኅተም ቁልፍ

ለክቡር አቶ ማንያዘዋል
የጎልማሶች ንባብና ጽሕፈት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ከባሕር ማዶ በሰላም መመለስዎን ሰምቼ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ጤናዎ ሸጋ እንደሆነ፣ ፊትዎንም የባሕር ዳርቻ ፀሐይ እንዳጠየመው ጸሐፊዎ ወይዘሪት ቤዚ ነግራኛለች። እኛም በመንደራችን በድብ ባሕር ገብሳችንን እያጨድን ደኅና ነን።

እኔ ሥርጉት ነጋ፣ በስድሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁ ባልቴት ነኝ። አያውቁኝም እንዳልል ያውቁኛል፤ ብዕር ይዤ ያነሡኝን ፎቶግራፍ ፖርቱጋል ድረስ ወስደው፣ «ከጨለማ የወጣች እናት» ብለው በጉባኤው ግድግዳ ላይ ማሳየትዎን በወይዘሪት ቤዚ ስልክ አይቻለሁ። ስለዚህ ክብር ካመሰገንሁ በኋላ፣ ጥቂት ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ፊደል የቆጠርሁት ለፎቶግራፍ አልነበረም። ባሌ በሞተ በዓመቱ ወንድሙ አያ አላምረው «የግብር ወረቀት ነው» ባለኝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አትሜ፣ የወንዝ ዳሩን ማሳዬን ለእርሱ ሰጥቼ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ጣቴን ቀለም ላላስነካ ማልሁ። እርስዎ ባስከፈቱት ክፍል ሦስት ዓመት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስሜን መጻፍ ተማርሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ. ዘንድሮ የቀረችኝ የአንዲት ማሳ ደብተር ሲታደስ በስሜ ልፈርም ቀረብሁ። የመሬት ጸሐፊው አቶ እንዳልካቸው፣ በመዝገቡ የቆየው የጣት አሻራ ስለሆነ፣ መጻፍ መቻሌን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከእርስዎ ቢሮ እስከ ኅዳር ዐሥር እንዳመጣ ቀን ሰጠኝ። ጎንደር ወረድሁ። ደብዳቤው ተጻፈልኝ፤ ማኅተሙ ግን በመሳቢያ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ባሕር ተሻግሯል። «ምነው ለምክትላቸው ቢተዉት» ብዬ ብጠይቅ፣ ምክትልዎ አቶ ውድነህ ማኅተም ከኃላፊ እጅ እንደማይወጣ አስረዱኝ። ይህን በክፍል አልተማርነውም ነበር።

፫ኛ. ጉባኤው አራት ቀን ነው ስለተባልሁ፣ ከጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ፣ ከእህቴ ልጅ ቤት ሆኜ ጠበቅሁ። በአምስተኛው ቀን ብመለስ፣ እግረ መንገድዎን አገር ሊጎበኙ ሁለት ሳምንት መጨመርዎ ተነገረኝ። በእኛ ዘንድ እግረ መንገድ ማለት ገበያ የወጣ ሰው ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ነበር። አልፈርድብዎም፤ የደከመ ሰው ያርፋል። ብቻ በስልኩ ላይ በዋና ልብስ አሸዋ ላይ ተጋድመው ሳይዎት፣ ልብሱ ኪስ የሌለው መሆኑን አስተዋልሁና ለቁልፉ ሠጋሁ።

ኅዳር ዐሥር ደረሰ። በቀኑ ያልፈረመ ደብተሩ ይሰረዝበታል ስለተባለ፣ ማሳዬን ከማጣ ብዬ መሐላዬን አፈረስሁ። ከማተሜ በፊት ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ማንበብ ስለማልችል ተነብቦልኝ፣ ተስማምቼ በጣቴ አትሜአለሁ።»

ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ አንድ ፊደል አልሳትሁም። አቶ እንዳልካቸው «ሸጋ አነበቡ» ብሎ የቀለሙን ሳጥን አስጠጋልኝ። ተነብቦላታል ብሎ በምስክርነት የፈረመው አያ አላምረው ነው። እርሱ በብዕር ፈረመ።

ክቡር ሆይ፣ ከጨለማ ስላወጡኝ፣ ወጥቼም ደጅ እንዳልቀር መልሰው ስላስገቡኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሚቀጥለው ጉባኤዎ የረዘመ፣ ፀሐዩም የለዘበ ይሁንልዎ።

የግድግዳዎ ጌጥ፣ የትምህርትዎ ፍሬ፣
በገዛ እጇ የፈረመች
ሥርጉት ነጋ

ግልባጭ፦
በጽሕፈት ቤትዎ በር ለሚያልፍና ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ቢጽፉልኝ፣ ማንበብ አለመቻሌ በመዝገብ ስለጸደቀ፣ ራስዎ መጥተው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ከጎንደር በማኪና የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም፤ ቁልፉንም ይዘው ቢመጡ አይከብድዎትም።