ያልተጻፈው ዓይን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሙሩጌሳን፦

እንዴት ከርማችኋል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ጉድጓዱ ውሃ ያዘ ወይስ ዘንድሮም ከጎረቤት ነው የምትቀዱት? እኔ ወንበር ላይ ከመዋል ብዛት ከደነዘዘው አንገቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ያላወራሁህ እማ ከጎንህ ሆና "ምንም አልሆንኩም" ስለምትል ነው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች የጻፉትን እያነበብኩ ለመድን ክፍያ እንዲሆን ለእያንዳንዱ በሽታ የተመደበለትን ቁጥር እሰጣለሁ። የዓይን ቆብ አልገጥም ብሎ ዓይን ደርቆ ሲቆጠቁጥ ራሱን የቻለ ቁጥር አለው፤ ለቀኙ ሌላ፣ ለግራው ሌላ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሐኪም የትኛው ዓይን እንደሆነ ሳይጽፍ ቀረ። የፊተኛው ምርመራ ግራ ይል ነበርና እኔም ግራ ብዬ ሞላሁት። አራሚያችን ቫሳንታ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺ ቴንሞሊ፣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዶክተር የሆንሽው? ሐኪሙ ካልጻፈው የለም!" ብላ መለሰችብኝ። እውነቷን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤህ ደረሰኝ። እማ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ እየቀላ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል፤ ጎረቤታችን አክስቴ አላሜሉ የሰው ዓይን ነው ብላ ጨውና በርበሬ በራሷ ላይ አዙራ እሳት ውስጥ ጨምራለች፤ አንተም የጉሎ ዘይት ጠብ አድርገህላታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዛሬ ሁለት ዓመት ፊቷ ተጣሞ አፏ ሲቃና፣ ዳነች ብለን ተውነው። ባለፈው ወር ለፖንጋል የመኸር በዓል ስመጣ አንድ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ተኝታ ሳያት፣ "እማ ተኝታም ትሰልለናለች" ብዬ ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ለባዕድ ሰው ቁጥር ስሰጠው የኖርኩትን በሽታ እናቴ ላይ አይቼ ሳቅሁ። አፈርኩ፣ ጋሼ።

ዘይቱን ተወው። ነገ ዛሬ ሳትል ማዱራይ ከተማ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ስትተኛ ቆቡ እንደማይገጥም አንተው ንገራቸው፣ እሷ እንደሆነች አትናገርም። ከቆየ ብሌኑ ይቆስላል፤ ብርሃኗም ሊጠፋ ይችላል።

አንተም የትኛው ዓይን እንደሆነ አልጻፍክም። ቫሳንታ ብትሆን ትመልስብህ ነበር። እኔ ግን በዓሉን የሰነበትኩት ከግራዋ በኩል እየተኛሁ ነው። ግራው ነው።

ለባለቤትህ ለካላይሴልቪ ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጃችሁን ያሊኒን ጉንጯን ሳምልኝ። አክስቴ አላሜሉንም እንዳትቆጣት፣ ወድዳ ነው። እማን ግን በቃል ሰላምታ አትለፋት፤ ስትተኛ ጠብቀህ ያንን ዓይኗን በጣትህ ቀስ ብለህ ክደንልኝ።

እህትህ ቴንሞሊ
ቼናይ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2018