ካባውና ማዳበሪያው

ጎንደር፣ ሰኔ 12

ዛሬ አሸነፍኩ። ጄኔራሎቼ ማዳበሪያ የጫኑት መኪኖች በዚህ ጦርነት መሀል ዛሪማ ካሉት ገበሬዎች ዘንድ አይደርሱም ብለው ነበር። እኔ ግን ወደሚዋጉን ሰዎች ሽማግሌ ልኬ መንገዱን ለአንድ ቀን አስከፈትኩ። የገንዘብ ሚኒስትሬ ካዝናው ባዶ ነው እያለ ሲያለቃቅስ የገዛሁት ማዳበሪያ ነው። ቢቃጠል ሌላ የለንም።

ጠዋት የከተማው ሹማምንት ካባ ሊያለብሱኝ አዳራሽ ጠሩኝ። እልልታው ሲቀልጥ ደሜ ፈላ። «ገበሬው ሳይዘራ ምን ሠርቼ ነው የምለብሰው?» ብዬ ካባውን መለስኩ። እዚህ አገር ለእንግዳ የቀረበ ካባ አይመለስም።

አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት የከተማው አዛውንት ትልቁ፣ አያ ደመቀ፣ ካባውን ተቀብለው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። «ሸጋ! መኪኖቹ እስኪገቡ እኔ እይዘዋለሁ። ምነው ቆምክ? ቁጭ በላ!» አሉኝ። ሹማምንቱ ሲቁነጠነጡ እኛ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን።

ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለ። መኪኖቹ ዛሪማ ገብተዋል፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

አያ ደመቀ ካባውን እያለበሱኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ለአንድ ቀን እሺ ያሉህን፣ ለክረምቱስ ምነው አልጠየቅካቸው?»

መንገዱን ያስከፈቱትን ሽማግሌዎች ዛሬውኑ ወደሚዋጉን ሰዎች መልሼ ላክሁ። መልሱ ገና አልመጣም።